ፒያኖ ይመታል
ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጅማ ለተሰበሰቡ የሙዚቃ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ ነው የገለበጥኩት። ብዙም አልነካካሁትም፤ እንዳወራሁት ይኸው።

እንደምን ዋላችሁ! አካም ጅርቱ! በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ ከቆጪም፣ ከፈረንጅ አራዳም፣ ከኪቶ ፉርዲሳም ተነስታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት በርጩማ አለ። ኑ ተቀመጡ። ቡናው እየተቆላ ነው፤ አቦሉ እስኪደርስ እኔ ላውራ።

በጥያቄ ልጀምር። በአማርኛ በገና ምን ይደረጋል? ይደረደራል። ጎሽ። ዋሽንትስ? ይነፋል። ማሲንቆስ? ይገዘገዛል። ከበሮስ? ይመታል። በጣም ጥሩ። እሺ ፒያኖስ?

አያችሁ፣ ዝም አላችሁ። እዚህ ጋ «ይነካል» ያለች እህት አለች። እዚያ ጋ ደግሞ «ዝም ብሎ ይጫወቱታል» ያለ አለ። እኔ ግን ሌላ ቃል ነው ይዤ የመጣሁት። ፒያኖ ይመታል። ይህን ቃል የሰጠኝ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ለአሁኑ ቃሉን ብቻ ያዙልኝ። ፒያኖ ይመታል።

ብዙ ሰው ፒያኖ ሲባል የሚታየው ሻማ የበራበት ክፍል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውና ለስለስ ያለ የእንቅልፍ ሙዚቃ ነው። ሮክ ሲባል ደግሞ ጊታር። ጸጉሩን ያስረዘመ ልጅ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ይዞ ሲጮህ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የምላችሁ ሮክን ካቆሙት ታላላቅ ዘፈኖች ብዙዎቹ ጀርባቸው ፒያኖ ነው። ጌጥ ሆኖ አይደለም የገባው። ምሰሶው እሱ ነው።

ሦስት ነገር አወራለሁ። አንደኛ፣ ሮክ ምቱን ከየት እንዳገኘ። ሁለተኛ፣ ለንደን ውስጥ ስለነበረ አንድ አሮጌ ፒያኖ። ሦስተኛ፣ በ1977 ዓ.ም. በእኛ ስም ስለተደረገ ኮንሰርት፣ እዚያም ላይ ፒያኖ ስለሠራው ሥራ። በመሃል ከመንገድ እወጣለሁ፣ ታገሱኝ። የፈረንጆቹን ነገር ሳወራ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከዚያ በፊት ግን ፒያኖው ውስጥ እንግባ። የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ አዳራሽ ጥግ ላይ የተረሳ ፒያኖ ነበር። ግድግዳ ተደግፎ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይነት። ላዩ ላይ ካርቶን ተከምሮበታል። ጥበቃው ደግ ሰው ነበሩ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያስገቡኛል። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ ድምፅ የሚሰጡት 61 ብቻ ነበሩ። የጅማን አየር ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ቁልፎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ጥር ሲመጣ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። እኔ እንዲያውም ክረምትና በጋ የሚለየው በዚያ ፒያኖ ነበር የሚመስለኝ።

የሰፈራችን አናጢ የጅማ በርጩማ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከአንድ ግንድ የሚወጣውን፣ ባለ ሦስት እግሩን። ለመንኳቸው፣ ለመንኳቸው፣ አንድ እሑድ መፍቻቸውን ይዘው መጡ። የፊት ለፊቱን እንጨት ፈተው ወደ ጎን ሲያደርጉት ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እሳቸው፣ «ወላሂ፣ ይሄ ሁሉ መዶሻ ነው?» አሉ።

አዎ፣ መዶሻ ነው! ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ትንሽ መዶሻ። ጫፉ በተጠቀጠቀ ሱፍ የተሸፈነ። ቁልፉን በጣትህ ስትጫን መዶሻው ተወርውሮ ክሩን ይመታና ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል። በቀስታ ከነካኸው በቀስታ ይመታል፣ በኃይል ከነካኸው በኃይል። ይህን ነገር የፈለሰፈው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሚባል ጣልያናዊ ነው። ፍሎረንስ ውስጥ፣ በ1700 አካባቢ። ከእሱ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን እንደ ክራር ይነቅለው ነበር እንጂ አይመታውም ነበር። ስለዚህ ብትቆጣም ብታባብለው ድምፁ ያው ነው። ፒያኖ ግን ቁጣህንም ፍቅርህንም ይሰማል። ስሙ ራሱ በጣልያንኛ «ለስላሳና ኃይለኛ» ከሚለው ነው የመጣው።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። ትልቁ ፒያኖ ውስጥ ከ200 በላይ የብረት ክር አለ። ክሮቹ ሁሉ ሲወጠሩ የሚስቡት ጉልበት አንድ ላይ ቢደመር ወደ 20 ቶን ይጠጋል። 20 ቶን ማለት 200 ኩንታል ቡና ነው። በዚያ እንጨት ውስጥ ያን የሚያህል ጉልበት ተወጥሮ፣ ዝም ብሎ፣ የሚመታውን ሰው ይጠብቃል። ይህ ለስላሳ መሣሪያ ነው? አይደለም ጎበዝ።

አናጢው ሱፋቸው ያለቀባቸውን መዶሻዎች አሮጌ ኮፍያ እየቆረጡ ለበጡልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከ61 ወደ 70 ደረስን። ነፍሳቸውን ይማር።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። ሮክ ምቱን ከየት አገኘ?

ኒው ኦርሊንስ እንሂድ። አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ። እርጥበቱ እንደ እኛው ነው፣ እንዲያውም የባሰ። እዚያ ፋትስ ዶሚኖ የሚባል ወፍራምና ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነበር። በታኅሣሥ 1949 የመጀመሪያ ዘፈኑን ቀረጸ። ቀኝ እጁን ስሙት። በአንድ ምት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመታል። ታታታ፣ ታታታ፣ ታታታ፣ ታታታ። ይህ ሦስት ሦስት ነገር ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው? በፍጹም! ችክችካ የሰማ ሰው ወዲያው ትከሻው ይነቃል። በልጅነቴ ፋትስ ዶሚኖን በካሴት ስሰማ ማንም ሳያስተምረኝ የገባኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ግራ እጁ ደግሞ ሌላ ሥራ ላይ ነው። ግራ እጁ ይወቅጣል። ቤታችሁ ውስጥ ሙቀጫ አለ አይደል? እናቴ ቡና ስትወቅጥ ጎረቤታችን ትመጣና ሁለቱ በአንድ ሙቀጫ ላይ ሁለት ዘነዘና ይዘው ይቀባበሉ ነበር። አንዷ ስታነሳ አንዷ ታወርዳለች። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። አይጋጩም። ወሬያቸውንም አያቋርጡም። ሰው ያማሉ፣ ይስቃሉ፣ እጃቸው ግን አንድም ጊዜ አይስትም። የፒያኖ ግራ እጅ ማለት ይህ ነው። የሮክ ፒያኖ ለመማር የሚፈልግ ልጅ ካለ፣ መጀመሪያ ሙቀጫው አጠገብ ቁጭ ብለህ ስማ እለዋለሁ።

ከመንገድ ልውጣ። በ2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ ፋትስ ዶሚኖ ከቤቱ አልወጣም ነበር። ሞቷል ብለው ሰዎች ቤቱ ግድግዳ ላይ ስንብት ጻፉለት። ግን በጀልባ ተርፎ ነበር። ፒያኖዎቹ ውሃ ውስጥ ቀሩ። ነጩን ፒያኖ በኋላ ባለሙያዎች በብዙ ድካም አድሰው ለሙዚየም አበቁት። የዚያን ጭቃ የጠጣ ፒያኖ ፎቶ ሳይ የእኛ አዳራሽ ጥግ ትዝ አለኝ። እንጨቱ አብጦ፣ ቁልፎቹ ተጣመው። ስንቱ ዘፈን የወጣበት ፒያኖ ነበር እኮ።

እሺ፣ ተመለስኩ። 1955፣ መስከረም ወር፣ እዚያው ኒው ኦርሊንስ። ሊትል ሪቻርድ የሚባል የ22 ዓመት ልጅ ለቀረጻ መጣ። ሜከን በምትባል ከተማ በአውቶቡስ መናኸሪያ ሳህን ያጥብ የነበረ ልጅ ነው። ቀረጻው ቀዘቀዘ። የሚጠበቀው ነገር አልወጣም። ለምሳ እረፍት ወጡ። የሄዱበት ቤት መድረክ ላይ ፒያኖ ነበር። ሪቻርድ ሄዶ ፒያኖውን ይቀጠቅጠው ጀመር፣ «ቱቲ ፍሩቲ»ን እየጮኸ። አምራቹ ይህን ሲሰማ፣ ይሄ ነው የምንፈልገው አለ። ግጥሙ ለራዲዮ የማይሆን ነበርና አንዲት ገጣሚ ቶሎ አስተካከለችው። ስቱዲዮው ፒያኒስት ነበረው፤ ግን ለማጥናት ጊዜ ስላልነበረ ሪቻርድ ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። የወጣውን ዓለም ሰምቶታል።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ፣ ለዚህ ነው ከቤቴ የወጣሁት። ከበሮ ላይ የነበረው ሰው ኧርል ፓልመር ይባላል። እስከዚያ ድረስ ከበሮው የሚሄደው ዘለል ዘለል እያለ ነበር፣ የእኛ በቅሎ ስትሶመሶም እንደምትሄደው። የሪቻርድ ቀኝ እጅ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚቀጠቅጠው። ታ ታ ታ ታ ታ ታ ታ ታ። እኩል፣ ሳያቋርጥ፣ ሳያዘልል። ፓልመር በኋላ እንደተናገረው ያን ቀኝ እጅ ለመከተል ሲል ነው አመታቱን የቀየረው። ገባችሁ? ዛሬ የሮክ ምት የምንለው፣ ከበሮ መቺዎች ሁሉ የሚመቱት ያ ቀጥ ያለ ምት፣ ከፒያኖ ነው የመጣው። ከበሮው ፒያኖን ተከተለ። ከበሮው ፒያኖን ተከተለ! ሁለት ጊዜ ያልኩት እንድትይዙት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ጄሪ ሊ ሉዊስ መጣ። ወላጆቹ ለእሱ ፒያኖ ለመግዛት እርሻቸውን ለብድር አስይዘው ነበር። እስኪ አስቡት፣ ገበሬ እርሻውን አስይዞ ፒያኖ ሲገዛ። «ግሬት ቦልስ ኦፍ ፋየር» ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጊታር የለበትም። ፒያኖ፣ ቤዝና ከበሮ ብቻ። ፒያኖው ላይ አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች ሲያንሸራትት የሚሰማው ድምፅ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ ይመስላል። ይህን ዘፈን ሰምቶ ሮክ ያለ ጊታር አይሆንም የሚል ሰው ካለ አምጡልኝ።

ታዲያ ፒያኖው ለምን ወደ ኋላ ቀረ? መልሱ ቀላል ነው። ጊታር በትከሻ ይነገታል። ፒያኖ አይነገትም። ጊታር ሽቦው ሶኬት ውስጥ ሲገባ አዳራሹን ያናውጣል። ፒያኖን ግን ድምፅ ማጉያ ደቅነህበት እንኳ ከበሮና ጊታር መሃል ይሰጥማል። ፒያኒስት በየከተማው ሲዞር የሚጠብቀው የአዳራሹ ፒያኖ ነው። ተቃኝቷል? አልተቃኘም? ቁልፉ ሙሉ ነው? እግዜር ያውቃል። እኔ ይህን ሕይወት በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ ሰርግ ላይ ቃል የተገባልኝ ፒያኖ ስደርስ የውሸት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለፎቶ የሚቆም፣ ውስጡ ባዶ ሳጥን። ሙሽሮቹ ምንም አያውቁም። ያን ዕለት ከጎረቤት ኪቦርድ ተውሰን ነው ሰርጉን ያወጣነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የለንደኑ ፒያኖ። ለንደን ሶሆ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ትራይደንት የሚባል ስቱዲዮ ነበር። እዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤክስታይን ፒያኖ ቆሞ ነበር። ቤክስታይን በርሊን ውስጥ በ1853 የተቋቋመ የፒያኖ ፋብሪካ ነው። የዚህ ፒያኖ ድምፅ ጥርት ያለና ጠንካራ ነው፣ እንደ ደወል። ቢትልሶች የሚባሉት የእንግሊዝ ባንድ በ1968 «ሄይ ጁድ»ን በእሱ ቀረጹ። ከእነሱ አንዱ፣ ፖል ማካርትኒ፣ ብቻውን ይጀምራል፤ ድምፅና ፒያኖ። ሌላው ሁሉ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ዘፈኑ ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ የሚሄደው ግን ያ መጀመሪያ የጀመረው ፒያኖ ነው።

በ1970 ኤልተን ጆን «ዩር ሶንግ»ን ቀረጸ። በዚያው ፒያኖ። በ1971 ዴቪድ ቦዊ «ላይፍ ኦን ማርስ»ን ቀረጸ፣ ሪክ ዌክማን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ። በዚያው ፒያኖ! ሦስቱን ዘፈኖች ዛሬ ማታ ተራ በተራ ስሟቸው። ሰዎቹ ይለያያሉ፣ ዜማው ይለያያል። እንጨቱ ግን አንድ ነው። አንድ ጀበና ስንት እንግዳ ያስተናግዳል? ያም እንደዚያው ነው።

ስለ ቢትልሶች ካነሳሁ አይቀር «ሌዲ ማዶና» አለ፣ 1968። ማካርትኒ ግራ እጁን ከፋትስ ዶሚኖ ነው የቀዳው። ፋትስ ዶሚኖም ሰምቶት በዚያው ዓመት ራሱ መልሶ ዘፈነው። ተማሪው ለመምህሩ ይሰጣል፣ መምህሩ ይቀበላል። ደስ አይልም?

አንድ ሌላ ነገር። በ1967 «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የሚባለውን ሲጨርሱ ሰዎቹ ብዙ ፒያኖ ላይ ተሰልፈው አንድ ድምፅ ባንዴ መቱ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም አሉ። መዶሻው መትቶ ተመልሷል፣ ክሩ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ቀራጩ የመቅረጫውን ኃይል ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ያደርጋል። ከ40 ሰከንድ በላይ። መጨረሻ ላይ ኃይሉ በጣም ከፍ ከማለቱ የተነሳ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። እኔ በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ጸጥታዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ጊታር እንዲህ አይሞትም። ሰውም ተንፍሶ እንዲህ አይቆይም። የተመታ ብረት ብቻ ነው እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄደው።

ስለ ሌሎቹ በፍጥነት ልለፍ፣ ቡናው ደርሷል መሰለኝ። የቢትልሶቹ ጆን ሌነን «ኢማጅን»ን የጻፈበት ተራ ግድግዳ ተደጋፊ ፒያኖ ነው፤ እንደ እኛ አዳራሹ። በ2000 ጆርጅ ማይክል በ1.45 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ጆርኒ የሚባሉት ባንድ «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን»ን በ1981 ሲያወጡ የሚከፍተው የጆናታን ኬይን ፒያኖ ነው፤ ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው ገና ማንም ሳይዘፍን ነው። ኮልድፕሌይ የሚባለው ባንድ «ክሎክስ» ላይ የሚዞረው ፒያኖ ደግሞ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ ነው የሚቆጥረው፤ ወጣቶቹ ታውቁታላችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ አየሁ።

ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ።

ክዊን የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ አፍሪካ ውስጥ ነው የተወለደው። ዛንዚባር፣ 1946። ፒያኖ የተማረው ሕንድ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በ1975 ከክዊን ጋር «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን አወጣ። ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ይቀረዋል። እንዲህ የረዘመ ዘፈን ራዲዮ አይጫወተውም ሲሏቸው አላሳጠሩትም። ዘፈኑ ብዙ ቦታ ይሄዳል፣ ይጮኻል፣ ይለዝባል፤ ግን ሲነሳም ሲያርፍም ፒያኖው አለ። «ዶንት ስቶፕ ሚ ናው»ን ደግሞ ስሙ። ጊታሩ ማለት ይቻላል መሃል ላይ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። የቀረው ሁሉ የፍሬዲ ግራ እጅ ነው፣ ቁልቁለት እንደሚወርድ ባጃጅ።

አሁን ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይ እንምጣ። ያን ዓመት ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ወሎና ትግራይ ረሃብ ነው። ወደ ከፋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ ሰው በሰፈራ ይመጣ ነበር። ክፍላችን ውስጥ ከወሎ የመጣ ልጅ ገባ። ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ለብዙ ሳምንት ቃል አልተነፈሰም። መምህሩ ይጠይቁታል፣ ዝም። እኛ እናናግረዋለን፣ ዝም። አንድ ቀን ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው መምህሩ ማስተማር አልቻሉም፣ ቁጭ አሉ። ያኔ ይህ ልጅ በሁለት እጁ ዴስኩን መምታት ጀመረ። ግራው ከታች፣ ከባድ። ቀኙ ከላይ፣ ፈጣን። የመንዙማ ምት ነበር። ድቤ። ጅማም መንዙማ አገር ነውና የኋላው ረድፍ ልጆች ወዲያው ተቀበሉት። ክፍሉ ሁሉ ጨበጨበ። ከዚያ ቀን በኋላ ማውራት ጀመረ። ለእኔም ዴስክ ላይ ግራና ቀኜን ለያይቼ መምታት አስተማረኝ። ያንን አዳራሽ ውስጥ ያለውን ፒያኖ ሳገኝ ግራ እጄ አስቀድሞ ሥራውን ያውቅ ነበር። ከዚህ ልጅ ነው የተማርኩት።

በዚያው ዓመት፣ እኛ ምንም ሳናውቅ፣ ለንደን ዌምብሊ ስታዲየም ወደ 72 ሺህ ሰው ለዚያ ረሃብ ተሰብስቦ ነበር። ላይቭ ኤድ። አስተባባሪዎቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ነበሩ። ጌልዶፍ ከባንዱ ጋር ወጥቶ «አይ ዶንት ላይክ መንደይስ»ን ዘፈነ። በ1979 አሜሪካ ውስጥ አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት ላይ ከተኮሰች በኋላ የተጻፈ፣ ከላይ እስከ ታች በፒያኖ የሚሄድ ዘፈን ነው። ስለ ሞት የሚያወራው ስንኝ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጁን ወደ ላይ አንስቶ ዝም አለ። ስታዲየሙ ዝም አለ።

ክዊን ሲወጡ ፍሬዲ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፒያኖው ነው። የወረቀት ኩባያዎች ላዩ ላይ ተደርድረዋል። ቁጭ አለና የ«ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን መግቢያ መታ። ገና በመጀመሪያዎቹ ድምፆች ሕዝቡ ጮኸ። ወደ ማብቂያው ደግሞ ማካርትኒ ለብቻው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ «ሌት ኢት ቢ»ን ጀመረ። የድምፅ ማጉያው አልሠራም! አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም። ፒያኖው ግን ይሰማል። ሕዝቡ ምን አደረገ? ፒያኖውን ይዞ ዘፈነለት። ማጉያው እስኪመለስ ድረስ ዘፈኑን የያዙት ፒያኖውና ሕዝቡ ናቸው። ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ባየሁት ቁጥር አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ይተናነቀኛል።

ከጥቂት ዓመት በፊት ያን የወሎ ጓደኛዬን ሻይ ቤት ቁጭ አድርጌ ስልኬ ላይ አሳየሁት። አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት። ዝም ብሎ አየ። የመድረኩን ስፋት፣ የሕዝቡን ብዛት። «ይሄ ሁሉ ሰው ለእኛ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። እንደገና ዝም አለ። ጣቶቹ ግን ጠረጴዛው ላይ ጀምረው ነበር፤ ግራው ከታች፣ ቀኙ ከላይ። ፍሬዲን አየና፣ «ይሄ ሰውዬ ጥሩ ይመታል» አለ። ይጫወታል አላለም። ይመታል ነው ያለው። ቃሉን ከእሱ ነው ያገኘሁት።

አንድ ነገር ለወጣት ኪቦርድ ተጫዋቾች፣ ከዚያ አበቃለሁ። ሰርግ ላይ ዋን ማን ባንድ ሆናችሁ ስትሠሩ ግራ እጃችሁ ምን እያደረገ ነው? አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቁጭ ብሏል። ማሽኑ ነው የሚወቅጥላችሁ። እኔም ዓመታት እንዲሁ ሠርቻለሁ፣ እንጀራ ነው፣ ይገባኛል። ግን ቤታችሁ ስትገቡ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ሪትሙን አጥፉት። እባካችሁ አጥፉት። ግራ እጃችሁን ነጻ አውጡት። መጀመሪያ ይሰንፋል፣ ይሰበራል፣ ይዘገያል። ከወር በኋላ የራሱ ድምፅ ይኖረዋል። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ እዚሁ ጅማ ነው የተወለዱት። የእሳቸው መሣሪያ ቫይብራፎን ምንድን ነው? ብረት ነው፣ በመዶሻ የሚመታ። ጋሽ ግርማ በየነ ፒያኖ ላይ ሲቀመጡ ያ ግራ እጃቸው ምን እንደሚያደርግ አዳምጡ። ሩቅ መሄድ የለብንም።

እሺ። ያ ጓደኛዬ ዛሬ እዚህ አለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ስሜን እንዳትጠራ ብሎ ስላስጠነቀቀኝ አልጠራውም። ድቤውን ግን ይዞ እንዲመጣ ለምኜው ይዞ መጥቷል። ና ወንድሜ፣ ና ወደዚህ። አዎ፣ እዚህ በርጩማው ላይ፣ ከፒያኖው ጎን።

የፋትስ ዶሚኖን ሦስት ሦስት ነው የምንሞክረው። እኔ ቀኝ እጄን ብቻ ነው የማመጣው። ግራው የእሱ ነው። እናንተ ደግሞ ጭብጨባውን ያዙ፤ ከእሱ ጋር ሂዱ እንጂ ከእኔ ጋር አትሂዱ። ቡና የያዛችሁ ሲኒውን አስቀምጡ።

ወንድሜ፣ አንተ ጀምር።